ሦስት ሚሊሜትር ያጠረ ዘንግ

በእኛ ግቢ ሞተር የሚፈታው ሰው አንድ ነው። በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እኛ «አይሆንም» እንለዋለን። ባለመኪና ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ስለሆነ ነው። «እስከ ነገ ይደርስልኛል?» «አይሆንም።» «ያገለገለ ፒስተን ብናስገባበትስ?» «አይሆንም።» አንዱ ደንበኛ መሮት «አንተ ሰውዬ፣ የሚሆን ነገር የለህም እንዴ?» ቢለው ትንሽ አሰበና «አለ እንጂ፤ ሌላ ጋራዥ ብትሄድ ይሆናል» አለው።

እኔ በያጅ ነኝ። የእኔን ክፍልና የእሱን ጋራዥ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲያስል እሰማዋለሁ፣ እኔ ስዘምር ይሰማኛል። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። ቁጡ ነው ብዬ ብጽፍ አይቀየመኝም፤ ራሱም ያውቀዋል። ሲቆጣ ግን አይጮህም። ድምፁ እየወረደ ይሄድና ጆሮህን ካላስጠጋህ አትሰማውም። ከዚያ መፍቻ ያነሳና በጨርቅ ይጠርጋል። ንጹሑን መፍቻ መልሶ መጥረግ ከጀመረ በግቢው ያለ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ያለው ሥራ ትዝ ይለዋል።

ቁጣው ከራሱ ነው የጀመረው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል በአማቱ መኪና ላይ ቱርቦ ገጠመ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የሚያሽከረክረው መንኮራኩር ነው፤ በሌላ ጫፉ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር ሲበዛ ጉልበት ይበዛል። ፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሠራው ሞተር ላይ ብገጥመው ምን ይጎዳል ብሎ ገጠመው። አሥራ አንድ ቀን መኪናው በረረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አማቱ ከሚስታቸው ጋር ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሞተሩ ሲከፈት አንዱ ፒስተን ቀልጦ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጥቶበት ነበር። ሽማግሌው በጎመን ጭነት ላይ ተሳፍረው መጥተው ከመኪናው ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ብረት ነው፤ ብረት ይሰበራል» ብቻ አሉት።

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ፍለጋ ገባ። ያገኛቸው መጻሕፍት ሁሉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። እኔ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ቋንቋ ግን በመዝገበ ቃላት፣ ቃል በቃል እየለቀምኩ ተምሬዋለሁ፤ ለዚህም አምላኬን አመሰግናለሁ። በምሳ ሰዓት እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይቆጣል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ገጽ በአማቱ መኪና ላይ ካጠፋው አንዱን ይነግረዋል። «ተው፣ እሱን መልሰህ አንብበው» ይላል፤ አነብለታለሁ፤ ድምፁ ይወርዳል፤ መፍቻው ይጠረጋል። ሁለት ዓመት ፈጀን።

በመጨረሻ የገባውን ሲያስረዳ እንዲህ ይላል፦ «ይህ ሞተር በራሱ ሳንባ እንዲተነፍስ ነው የተሠራው። አየሩን ሳንባው ውስጥ ጠቅጥቆ ነው የሚያቃጥለው። አንተ ደግሞ ከውጭ ትጨምርበታለህ። አየር ከጨመርክ ቤንዚን ጨምር። ቤንዚን ካነሰው እሳቱ ያለ ልክ ይግላል። ከጋለ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ከላይ በመዶሻ እንደመምታት ነው። ስንት መዶሻ ይችላል? እኔ ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ ቀን ይችላል።»

በከተማው ያሉት ሌሎቹ ግን «ጠዋት አስገባ፣ ማታ ውሰድ» እያሉ ቱርቦ ይገጥማሉ። ያ ነገር ያንገበግበዋል። በወር አንድ ጊዜ እንዲህ የተገጠመ ሞተር በገመድ ተጎትቶ ይመጣለታል። ሲከፍተው ቤንዚኑን የጨመረለት የለም፤ ካንዴላው ያው የድሮው ነው። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ «ዕድሌ ነው» ይላል። አይሆንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕድልህ እዚህ ውስጥ የለም፤ እኔ አይቻለሁ» ይለዋል።

ታናሽ ወንድሙ ሾፌር ነው። ተሳፋሪዎቹ «ደረስን» ይሉታል፤ በስልክ የት ነህ ሲባል ገና ከቤቱ ሳይወጣ «ደረስን» ስለሚል። በኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ሆስፒታል አሥራ ሁለት ሴቶች ያመላልሳል፤ የልብስ ማጠቢያና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ካልገቡ ሌሊቱን ያደሩት ወደ ቤታቸው መሄድ አይችሉም። ሜዳውን የሚያቋርጠው መንገድ ድልድዩ እየተጠገነ ስለተዘጋ በኮረብታው ጎን የሚጠመዘዘውን ዳገት መውጣት ግድ ሆነ። ሚኒባሷ ደግሞ አቅሟ ደካማ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች፣ የውኃው ሙቀት እየወጣ፣ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ትፈጃለች። ሴቶቹ መታገሥ አልቻሉም። ልብስ ከሚያጥቡት አንዷ፣ ምላሷን መያዝ የማትችል፣ «ደረስን፣ እኔ ወርጄ በእግሬ ልሂድ፤ ስትደርስ ሻይ አፍልቼ እጠብቅሃለሁ» አለችው። የፈረቃ ኃላፊዋ ደግሞ መዘግየቱ ካልቀረ ሌላ መኪና እንደምትፈልግ ነገረችው። ይህ ሥራ ከሄደበት ሚኒባሷን ይዞ የሚሠራው ሌላ የለውም፤ ሦስት ልጆች አሉት።

ስለዚህ ወደ ወንድሙ መጣ።

«ጋሽዬ፣ ቱርቦ ግጠምልኝ።»

«አይሆንም።»

«ሠፈር ውስጥ በአንድ ቀን ይገጥማሉ እኮ።»

«እነሱ ጋ ሂዳ።»

«አንተ ወንድሜ ሆነህ?»

«ወንድምህ ስለሆንኩ ነው አይሆንም ያልኩህ። ሌላ ሰው ብትሆን ዝም ብዬ ባየሁህ ነበር» አለ። ዝም ብሎ የማያይ ሰው እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። በሦስተኛው ቀን ሚኒባሷን ከሥር ሆኖ በሚሠራበት የጋራዡ ጉድጓድ ላይ አቆማት።

አምስት ሳምንት ፈጀ፤ ጠዋትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋ ለሥራ ስለምትፈለግ የሚሠራው በመካከልና እሁድ ከጸሎት በኋላ ነበር። መጀመሪያ ሞተሯ ጤነኛ መሆኗን ለካ፤ የታመመ ሰው ላይ ጭነት አይጫንም ብሎ። ቤንዚን የሚረጩትን ኖዝሎች ሰፋ ባሉ ቀየረ፣ ፓምፑን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን ሙቀት ቶሎ በሚያስወጡ ቀየረ። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው አስመጥቶ አየር በሚበዛበት ጊዜ ቤንዚኑ እንዲጨምር፣ እሳቱም ጥቂት ዘግየት ብሎ እንዲነሳ አስደረገ። ከፊት ለፊት አየሩን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር አሰረ። የጭስ መውጫውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከቱርቦው ዘይት የሚመለስበትን ቱቦ ሦስት ጊዜ አስፈረሰኝ፤ «ዘይት ሽቅብ አይሄድም፤ እንደ ጅረት ቁልቁል ይውረድ» እያለ። ሦስተኛውን ሳስረክበው ጣቱን እያስኬደበት መረመረውና ምንም አላለም። እሱ ዘንድ ዝምታ ምስጋና ነው።

ከሁሉም በላይ የተጨነቀው በማስተንፈሻው ነበር። ቱርቦው ላይ ትርፍ ጭስ የሚለቅ ትንሽ በር አለ፤ በሩን ስቦ ዘግቶ የሚይዘው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ዘንጉ ካጠረ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፤ መንኮራኩሩ ይፈጥናል፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ይበዛል። አይሆንም ግፊቱን በዜሮ ነጥብ አራት ባር ገደበው። «ከዚህ በላይ ይህች ሞተር አትችልም» አለ። የዚያ ቱርቦ ዘንግ በቡሎን የሚረዝምና የሚያጥር ዓይነት አይደለም፤ ልክ ላይ ከደረሰ በኋላ ማንም ሊነካካው የሚችለው ቆርጦ በመበየድ ብቻ ነው። በዚያ ደስ ብሎት ነበር።

መጀመሪያ ቀን ዳገቱን በሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ወጣች፤ ውኃውም አልጋለም። ያችው ምላሰኛ ልብስ አጣቢ «ዛሬ ወፎቹን ቀደምናቸው» አለች አሉ። ደረስን ወንድሙን አቅፎ ግንባሩን ሳመው፤ አይሆንም «ራቅ በል፣ ቱታዬ ዘይት ነው» አለው።

አሁን የምጽፈው የራሴን ጥፋት ነው።

በእኛ ግቢ ሥራ በወረቀት አይታዘዝም። ባለሙያው ከሌለ ዘመዱ ይመጣና «እንዲህ ብሏል» ይላል፤ አንተም ትሠራለህ። «እውነት ብሏል?» ብሎ መጠየቅ ሰውየውን ውሸታም እንደማለት ነው። ሃያ አንድ ዓመት «ብሏል» ሲባል ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። አይሆንም ዕቃ ሊገዛ በወጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ ደረስን ሚኒባሷን አምጥቶ በክፍሌ በር ላይ አቆመ። ዘንጉን ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ይህችን ሦስት ሚሊሜትር አሳጥርልኝ ብሏል።»

«ምን ሆነች?»

«ረዝማ ነው ብሏል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሾፌር ነኝ።»

ሳቅኩ። ቆርጬ በየድኩለት፤ ስፌቱን አለሳለስኩት፤ እንዲያውም አማረችኝ። አመስግኖ ሄደ። ለአይሆንም አልነገርኩትም፤ እሱ ያዘዘውን ምን ብዬ ልንገረው?

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ከወትሮው ማልደን መጥተን አይሆንም የግቢውን በር ሲከፍት ሚኒባሷ በፊቱ አለፈች። ጋራዡ ያለው ከዳገቱ ሥር ነው፤ መኪና ሁሉ እዚያ ነዳጅ ረግጦ ነው የሚጀምረው። ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆመ። እኔም ሰማሁት፦ በቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲበተን ዓይነት ድምፅ፣ ቀጭን፣ ወዲያው ከኩርባው ኋላ ጠፋ። ፊቱን አየሁት። ደም አልነበረበትም።

«ያ ምንድነው?» አልኩት።

«መዶሻ» አለኝ።

ሚኒባሷ ሴቶቹን አድርሳ እስክትመለስ መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀ። ደረስን ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበለው፤ «ሂድ ቁርስህን ብላ፤ በስምንት ሰዓት ና» አለው። ከዚያ አራቱን ካንዴላዎች አወጣ። በነጩ ሸክላ ላይ ደቃቅ፣ ብርማ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ከፒስተኑ አናት እየተላጠ የተረጨ ብረት። ሦስተኛው ካንዴላ ላይ ይበዛል። አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት አየው፤ ለእኔም ሰጠኝ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለካ። አራቱም ገና ተቀራራቢ ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በልቤ፤ ምን እንደደረሰ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ከቱርቦው በኩል ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲነሳ ዘንጉን ይዟል።

የሰው ብየዳ እንደ እጅ ጽሑፉ ነው፤ እሱ የእኔን በጨለማም በጣቱ ያውቀዋል። ያቺን ያለሳለስኳትን ስፌት በአውራ ጣቱ እየዳበሰ አየኝ።

«አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

«አንተ።»

ዘንጉን ወደ እኔ ዘረጋልኝ። እኔም የዚያን ጊዜ ገባኝ። «ወንድምህ ነው፤ ብሏል አለኝ» አልኩ።

ድምፁ ወረደ። «ስለዚህ ዘንግ ያነበብክልኝ አንተ ነህ። ገጹን አውቀዋለሁ። ቢያጥር ምን እንደሚሆን ከእኔ ቀድመህ ነው ያወቅከው። ብሏል ሲልህ ያ ገጽ የት ሄዶ ነበር?»

  መጽሐፉን ያነበብኩት በምሳ ሰዓት ነው፤ ዘንጉን የቆረጥኩት በሥራ ሰዓት። ሁለቱ ሰዎች በእኔ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

«አሥራ ሁለት ሴቶች» አለ። «በኩርባው ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል፤ መሪው ይከብዳል። ወደ ኋላ መንሸራተት ነው። ከኋላ ደግሞ ገደል ነው። ለአንድ ብየዳ።» መፍቻ አነሳ። ንጹሕ ነበር። ጠረገው።

ዘንጉን እንደገና ቆርጬ አረዘምኩት፤ መለኪያውን ይዞ አናቴ ላይ ቆሞ ነበር። አራት ጊዜ ለካ። በሃያ አንድ ዓመት ሥራዬን እንዲያ ተጠራጥሮ ለክቶ አያውቅም።

በስምንት ሰዓት ደረስን እያፏጨ መጣ። ካንዴላዎቹን በጨርቅ ላይ ተደርድረው ሲያይ ማፏጨቱን ተወ።

«ጋሽዬ፣ እኔ...»

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ልስማህ።»

«ተቀመጥ አልኩ።» ጎማ ላይ ተቀመጠ። አይሆንም ካንዴላውን ዓይኑ ሥር ያዘለት። «ይህ ምንድነው?»

«አቧራ?»

«ፒስተንህ ነው። በዘጠኝ ቀን እዚህ ድረስ መጥቷል። ሌላ ሳምንት ብትጨምርለት ሁሉም ይመጣልህ ነበር። ለምን?»

ደረስን አንገቱን ደፋ። «አራት ደቂቃ ነው ጋሽዬ። በሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ስወጣ አንድ ሰዓት ከአራት እገባለሁ። ኃላፊዋ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታሳየኛለች። በየቀኑ። እስከ ወሩ መጨረሻ አስተካክል አለችኝ። ዘንጉ ካጠረ አየሩ እንደሚበዛ አንተ ስትናገር ሰምቼ ነበር። አንተን ጨምርልኝ ብልህ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ።»

«ምን እላለሁ?»

«አይሆንም።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ዋጥኩት፤ ያ ቀን የእኔ የሳቅ ቀን አልነበረም።

«ታዲያ አይሆንም የምለው ስለማይሆን ነው» አለ አይሆንም። «አሁን ምረጥ። ወይ ቱርቦውን ዛሬውኑ እፈታዋለሁ፣ ወይ እኔ በለካሁት ትነዳለህ።»

«ከፈታኸው ሥራው ሄደ። በለካኸው ከነዳሁም በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ምኑን ልምረጥ? ልጆቼን ይዤ አንተ ቤት ልምጣ?» አለ ደረስን፤ እሱም በተራው ተቆጣ። «አንተ ያለ ቁጣ ምን ሰጥተኸኝ ታውቃለህ? አባታችን ከሞተ ጀምሮ አፍህ የሚከፈተው ለመከልከል ነው።»

አይሆንም መፍቻውን አስቀመጠ። ይህ ከመጥረጉ የባሰ ነበር። «ተነስ» አለ። «ወደ ኃላፊዋ ውሰደኝ። የምቆጣበትን ሰው ዛሬ ባገኝ ይሻላል።» ወደ እኔም ዞሮ «አንተም ግባ። ሥራህን ታየዋለህ» አለኝ።

ደረስን ነዳ። አይሆንም አጠገቡ ተቀምጦ ዓይኑን ከግፊት መለኪያው አላነሳም። መርፌው ዜሮ ነጥብ አራት ላይ ደርሶ ቆመ፤ ያ የጠጠር ድምፅ ጠፍቷል። መኪናዋ ግን ባዶ ነበረች።

የፈረቃ ኃላፊዋ ቢሮ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ አንሶላ። ሴትዮዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሦስት ወንዶች፣ ሁለቱ በቱታ፣ ሲገቡባት ምንም አልደነገጠችም።

«እህቴ» አለ አይሆንም፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በአራት ደቂቃ ምክንያት የወንድሜ ሞተር ሊሞት ነበር። ሴቶቹም አብረው።»

«ምን ማለት ነው?»

አስረዳት። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ሃያ ዘጠኙ ደቂቃ፣ ስለ ዘንጉ። ቁጣውን ለሷ ብሎ ስላመጣው ብዙ ነበር። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወደ ደረስን ዞረች።

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሳው?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።»

«ለምን?»

«ወረቀቱ ላይ እንዲያ ስለሚል። እናንተ የሰጣችሁኝ።»

«ያ ወረቀት ድልድዩ ሳይዘጋ የተጻፈ ነው እኮ፤ በሜዳው መንገድ። አሁን ለምን ቀደም ብለህ አትነሳም?»

ደረስን ወደ ወንድሙ አየ። «ሰዓቱ... የተጻፈ ነው ብዬ ነው። ደግሞም መኪናዬ ቀርፋፋ ናት ማለት አፍሬ።»

«እኔ ደግሞ ሰነፍ ነህ ብዬ፣ ትተኛለህ ብዬ ነበር። ስንት ወር ሙሉ አንድ ቃል አትናገርም?» አለች። ከመሳቢያዋ የወረቀቱን ግልባጭ አወጣች፤ የድሮውን ሰዓት ሰርዛ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ብላ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ማኅተም አደረገችበት። ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

አይሆንም ያንን ወረቀት ቆሞ ያየበትን ዓይን አልረሳውም። የሚቆጣበትን ሰው ፈልጎ ነበር የመጣው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ምንም አልበደለችም። በኮሪደሩ ስንወጣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ስለ ካንዴላው ጠየቅኩ» አለ። «ስለ ቤንዚኑ ጠየቅኩ። ስለ ዘይቱ ጠየቅኩ። አምስት ሳምንት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቼ ስንት ሰዓት ትነሳለህ ብዬ አልጠየቅኩትም። በሠላሳ ስምንት ደቂቃም ቢሆን ቀደም ብሎ መነሳት ነበር።»

«ያኔማ ውኃው ይፈላ ነበር» አልኩት፤ ላጽናናው ብዬ። እውነትም ነበር፤ ያለ ቱርቦው ሞተሯ ያንን ዳገት በየቀኑ ብዙ ወር አትችለውም ነበር።

«አንተ ዝም በል» አለኝ። «አንተን ገና አልጨረስኩም።»

በማግስቱ ጠዋት አይሆንም ራሱ በሚኒባሷ ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝና እኔንም አስከተለኝ። ከኋላ፣ ሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ያቺ ልብስ አጣቢ ገና ስትገባ ጀመረች።

«አሥር ደቂቃ እንቅልፍ ወሰዳችሁብን። ማን ነው ባለ ሐሳቡ?»

ደረስን በአገጩ ወደ ወንድሙ አመለከተ።

«አባባ፣ ቱርቦውን ለእኔ ብትገጥሙልኝ ይሻል ነበር፤ አልጋዬ ላይ።»

«አይሆንም» አለ አይሆንም ሳይዞር፤ መኪናው ሙሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ እየሰማ ነበር። አሥራ ሁለቱም ተሳፍረው፣ በሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ከባዱ ቦታ ላይ፣ ምንም ጠጠር አልተሰማም። እኔ በልቤ ጸለይኩ፤ ስለ ሞተር ጸልዬ አላውቅም ነበር።

ለአንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀር በሩ ላይ ቆምን። ሌሊቱን ያደሩት ሴቶች ቦርሳቸውን ይዘው ከውስጥ እየወጡ ነበር። የእኛዎቹ ወረዱ። ደረስን ሞተሩን ሊያጠፋ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ አይሆንም እጁን ያዘው።

«ዳገት ከወጣህ በኋላ ወዲያው አታጥፋ። መንኮራኩሩ ግሎ ነው ያለው፤ ዘይቱ ውስጡ ይቃጠላል። አንድ ደቂቃ ዝም ብለህ አስነስተህ አቆያት።»

ሦስታችን ተቀመጥን። ሞተሯ ቀስ ብላ ትሠራለች። የጠዋቱ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ በሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ መካከል ወደ እኔ ይመጣል። ደረስን መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ አይሆንም።

«አውቃለሁ፣ ጋሽዬ።»

«ዋሽተሃል። ስሜን አንስተህ ነው የዋሸኸው።»

«አዎ።»

«ነገም እናደዳለሁ።»

«ነገም አሥራ ሁለት ከሃያ አምስት ላይ እነሳለሁ» አለ ደረስን።

አይሆንም ሰዓቱን አየ። ደቂቃው ሲሞላ እጁን አነሳለት፤ ደረስንም ቁልፉን አዞረ።